የስልክ ሽቦ የጠለፈው ሰው

ሰው አጠገቤ ሲያወራ ጆሮዬን አልደፍንም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ አንዲት ጎልማሳ ሴት አብረዋት ለተቀመጡት ቄስ ስታወራ የሰማሁት ይህ ነው።

«አባ፣ ልጄ ቀረችልኝ።»

«አዲስ አበባ ትመለሳለች ስትዪ አልነበር?»

«ሥራዋ በኢንተርኔት ነው። እስከ ሰኞ ቤት ካልገባልሽ ተመለሺ ብለዋት ነበር።»

«ታዲያ ገባ?»

«የስልክ ሠራተኞች መጥተው በድሮው የቤት ስልክ መስመር አስገቡት። የራውተሩ መብራት ግን ይበራል፣ ይጠፋል። መስመሩ አርጅቷል፣ አዲስ እስኪዘረጋ ጠብቁ አሉን።»

«ጠበቃችሁ?»

«መስኖው ማሳዎ ሳይደርስ ሲቀር ምን ያደርጋሉ፣ አባ?»

«ቦዩን ይዤ ሽቅብ እወጣለሁ። ከላይ የጠለፈው ሰው አለ።»

«እኔም ሽቦውን ይዤ ሄድሁ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሌላ ሽቦ ተቀጥሎበት ወደ መኝታ ቤት ይገባል።»

«ማን ጠለፈው?»

«ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና። አልጋ ላይ ተጋድሞ ለማውራት ሁለተኛ ስልክ ቀጥሎ ነበር። ስልኩ ሲበላሽ ጣልነው፣ ሽቦው እዚያው ቀረ።»

«እሱማ የኔንም ውሃ ይጠልፍ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባ። ቅጥያውን ፈትቼ ዋናውን ብቻ ራውተሩ ላይ ሰካሁት። መብራቱ ረጋ።»

«ሠራተኞቹስ?»

«ተመልሰው ሲያዩት ማን ሠራልሽ አሉኝ። ገበሬ አልኋቸው።»

«ልጅሽስ?»

«ሰኞን ሙሉ ቤቴ ተቀምጣ ከአለቃዋ ጋር ስትነጋገር ዋለች።»

እኔ የቤቴን የስልክ ሽቦ ቆርጬ ጥጃ ያሰርሁበት ሰውዬ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።