የእንግዳ ዕቃ

ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው ሀፍላ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ተቀምጠዋል።

«ድማሚታችሁ ግድግዳዬን ሰነጠቀው።»

«እማማ፣ የመሬቱን መንቀጥቀጥ የሚለካ መሣሪያ ቤትዎ አስቀምጠን ነበር እኮ። ምንም አላሳየም።»

«እሱንማ መሬት ላይ ጥላችሁት ሄዳችሁ።»

«ቦታው መሬት ነው።»

«የእንግዳ ዕቃ መሬት ላይ ይጣላል እንዴ? አንስቼ አልጋ ላይ አስቀመጥኩት።»

«ፍራሽ ላይ?»

«ሁለት ፍራሽ ደርቤ። ጋቢም አልብሼዋለሁ።»

«እኛ ደግሞ ቤቱን አይነካውም ብለን ድማሚቱን ጨመርን።»

«ጨመራችሁ?»

«ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይፈነዳል።»

«አራሷ ልጄ እዚያው ግድግዳ ሥር ተኝታለች።»

ስድስት ሊሆን ትንሽ እንደቀረው ከእጅ ሰዓቴ አየሁና እናትየዋ እንዳታየው እጅጌዬን መልሼ ሳብኩበት።