በክር የተተበተበው ልቦለድ

ግቢ እድልዬ፣ ከፀሐዩ ግቢ። የሲቀላ ሰፈራችን ሙቀት ለሙሽራ አይሆንም። የሰርግ መጥሪያውን ልታስተይቢ ነው አይደል? እሰይ! ቁጭ በይ፣ ወረቀቱን እስካስገባ። ቀኑ ከላይ፣ ስማችሁ መሃል፣ ቦታው ከታች... ነው ወይስ እንግዳው ከፈለገበት ይጀምር? አትሳቂ። የተማሩ ሰዎች እንደዚያ ይሻላል ስላሉ ነው።

አልሰማሽም? ከተማችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሃያሲ አሉ። ማን እንደሆኑ ተይው፣ ስም ምን ይሠራል? ከእጮኛሽ ጋር አንድ ቦታ ነው የሚያስተምሩት። አንድ ክፍል... አንድ ወንበር ላይ። ኮታቸው እንኳ አንድ ነው፤ ክርኑ ላይ የተጣፈው ቡናማው። ሰው ሲመሳሰል!

እኚህ ሰው ውጭ አገር ስድስት ወር ሠልጥነው ሃይፐርቴክስት የሚባል ነገር ይዘው መጡ። ኮምፒዩተር ላይ የሚነበብ ልቦለድ ነው አሉ። አንዷን ቃል ስትነኪያት ወደ ሌላ ገጽ ትወስድሻለች። መጀመሪያ የለው፣ መጨረሻ የለው፤ እውነተኛው ደራሲም አንባቢው ነው። ሳይጽፉ ደራሲ መሆን... ለእሳቸው መቼም ትልቅ እፎይታ ነው።

ኮምፒዩተር ግን አልነበራቸውም። ወንድሜ ወልደ ሚካኤል ደግሞ ልቦለድ ነበረው። ዘጠኝ ዓመት በእጁ የጻፈው፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ቅጂ የሌለው። "ልተይብልህ" ስለው "መጀመሪያ ሃያሲ ይየው" አለና ሰጣቸው። አየሽ መታደል?

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ጠሩን። ገብተን ምን እናይ! ጥራዙን ፈተው፣ ገጾቹን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰቅለው፣ "ሐይቅ" ከምትለው ቃል ወደ ሌላዋ "ሐይቅ" የዶርዜ ፈትል ወጥረዋል። ሐይቁ ብቻ አርባ ክር! ወንድሜ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። "ደራሲው እኔ ነኝ" ቢላቸው "ከዛሬ ጀምሮ ደራሲ የሚባል ሰው የለም" አሉት። ግን ወንበር ሰጡት። ሰው አክባሪ ናቸው።

ከዚያ "በፈለጋችሁበት ግቡ!" አሉ። ሕዝቡ ገባ፣ ክር በክር ሆነ። የላንቴው ሙዝ ነጋዴ ዳልጮ አንድ ምዕራፍ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞበት ወጣ። አጵሎስ የሚባለው የጫኖ ገበሬ አሥራ አንድ ገጽ አጣጥፎ ኪሱ ሲከት ወንድሜ እጁን ያዘው። ሃያሲው ግን እያጨበጨቡ "ተወው፣ እየደረሰ እኮ ነው!" አሉ። እውነታቸውን ነው... ጫኖ ደረሰ።

ሁሉም ሲወጣ የቀረው ስልሳ ሦስት ገጽ ነበር። ወንድሜ ክሩን እየፈታ "እህቴ በለጥሽ፣ ያቺ ሴት አገባች ወይስ ሞተች?" አለኝ። የራሱን ባለታሪክ እኔን ይጠይቀኛል! ሳምንቱን ሙሉ በብስክሌት ዞረ። ላንቴ ሲሄድ በዳልጮ ምዕራፍ አግብታለች፤ ጫኖ ሲሄድ በአጵሎስ ገጾች ሞታለች። ዳልጮና አጵሎስ ገበያ መሃል ተደባደቡባት። ይህ ሁሉ የማን ውለታ ነው? ሥነ ጽሑፍ መች እንዲህ ገበያ ወጥቶ ያውቃል? ሌላው ሰው የወሰደው ገጽ ቆሎ ተጠቀለለበት። ወንድሜም ከገጽ አንድ እንደገና ጀምሯል፤ ዓይኑ ግን የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ዓይን አይደለም።

የሃያሲውን ሂስ ደግሞ የተየብኩት እኔው ነኝ። አርባ ገጽ፣ "የቅደም ተከተል አገዛዝ ያብቃ" የሚል። እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር አለው። ሠላሳ አንድን ተሳስቼ ከሠላሳ በፊት ባያይዛት እንዴት ተቆጡ መሰለሽ! "ሐሳቤን አጠፋሽው" ብለው እንባቸው መጣ። አንጀቴን በሉት። የሰው ልፋት እኮ ነው! ከታች ደግሞ "ያለ ደራሲው ፈቃድ አንድም ገጽ ማባዛት ክልክል ነው" አስባሉኝ። ደራሲው?... እኔ እንጃ፣ የለም ተብሎ አልነበረም እንዴ?

በይ፣ መጥሪያሽ አለቀ። ምነው ፊትሽ ቀላ? ሙቀቱ ነው። ጎጇችሁን ፍቅር ይሙላው፣ ልጅም ይስጣችሁ። ለእኚያ ሃያሲም ከልቤ ነው የምጸልየው። ዕድሜ ይስጣቸው፣ እሳቸውም ዘጠኝ ዓመት የሚፈጅ ትልቅ መጽሐፍ ይጻፉ። የጨረሱት ዕለትም እግዜር አንባቢ አያሳጣቸው... ልክ እንደ እሳቸው ያለ።