ለሦስተኛው ተከራካሪ በተሰጠ ድምፅ ምክንያት ስለደረሰ ዛቻ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ኢንገር ሃልቮርሰን
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ
አድራሻ፦ ሚኒሶታ፣ ሃርላን ክሪክ ከተማ፣ የቤት ቁጥር 41
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ኤፕሪል 18 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ምስክሯ በከተማችን የሚካሄደውን የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ክርክር ከሚያዘጋጀው ኮሚቴ ዘጠኝ አባላት አንዷ ነኝ። ስምንቱ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እኩል የተወከሉ ሲሆኑ፣ ፓርቲ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ለረቡዕ የቀረበው ሐሳብ የግል ዕጩም ተከራካሪ እንዲሆን፣ ጥያቄዎቹም ከሕዝብ በዕጣ እንዲወጡ ነበር። ከየፓርቲው ሁለቱ እንደሚደግፉ፣ ሁለቱ እንደሚቃወሙ አስቀድመው በማሳወቃቸው ውሳኔው በእኔ ላይ ወደቀ።

ማክሰኞ ከቀኑ 11፡30 ገደማ ደጃፌ ላይ ግራጫ ፒካፕ መኪና ቆመ። በውስጡ የሁለቱ ፓርቲዎች የከተማ ሊቃነ መናብርት፣ ዱዋይት ፕሬስኮትና ክሊፈርድ ኦስለር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየሁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም ሲባባሉ አይቼ አላውቅም። ፕሬስኮት በረንዳዬ ድረስ መጥቶ፣ «መጽሐፍ ስትደረድሪ ኖረሽ፣ አሁን ደግሞ አገር ልትደረድሪ አማረሽ?» አለኝ። ኦስለር ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ቤትሽ የእንጨት ነው አይደል ኢንገር? እንጨት ቶሎ ይያያዛል» አለ። በሩን ቆልፌ፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ገፍቼ አስደገፍኩት።

ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ድምፅ ሲሰጥ ሁለቱም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። እጄን አወጣሁ። እጄ በጣም ስለሚንቀጠቀጥ ሰብሳቢዋ ግራ ተጋብታ፣ «ወይዘሮ ሃልቮርሰን፣ ድምፅ መስጠትዎ ነው ወይስ አሞዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ፈርቼ ነው። ድምፄም ነው፤ ይቆጠርልኝ» አልኩ። ሐሳቡ አምስት ለአራት ጸደቀ።

ከአዳራሹ ስወጣ የመኪናዬ የፊት መስታወት ተሰብሮ አገኘሁት። ማን እንደሰበረው አላየሁም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። ዛቻውን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትናንት ያደርኩት እህቴ ቤት ነው። ዛሬም ስማቸውን ሳልናገር ለመሄድ ሁለት ጊዜ ከዚህ ወንበር ተነስቼ፣ ሁለቴም ተመልሼ ተቀምጫለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ። አድራሻዬ ለተከሳሾች እንዳይነገር ብጠይቅም፣ መርማሪው ሰዎቹ ቤቴን አስቀድመው እንደሚያውቁት አስታውሰውኛል። ይህንኑ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኢንገር ሃልቮርሰን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ሩበን ታልማጅ