ሳይነቀል የተከፈተው ምድጃ

በከተራ ዕለት ሕፃን ልጄን ታቅፌ ከእንፍራንዝ ወደ ጎንደር ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«ልጄ፣ ለበዓሉ ዳቦ ጋገርሽ?»

«የት ጋግሬ፣ አያ። ጣሊያን ጥሎት የሄደው የመብራት ምድጃችን የሚግለው ሽቦ ተበጠሰ። ባለቤቴ አዲስ ሽቦ አግኝቶ ዛሬ ራሱ እየቀየረው ነው።»

«ሙያው ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነው። መርፌ የጨበጠ ሁሉ ይችለዋል ይላል።»

«ሸጋ። ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎታል አይደል?»

«ምን ብሎ ይነቅለዋል? መብራት የሚመጣ ሲመሽ። በቀን ከልብስ ማስጫ ገመድ አይለይም።»

ሽማግሌው በመስኮቱ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ።

«ምነው፣ አያ?»

«ዛሬ ከተራ ነው እኮ። ታቦታቱ ወደ ቀሐ ስለሚወርዱ መብራቱን በቀን ይለቁታል። እኔ የመብራቱ ሞተር ቤት ዘበኛ ነኝ፤ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።»

«በስንት ሰዓት ነው የሚለቁት?»

«በስምንት።»

«አሁንስ ስንት ነው?»

«ሰባት ተኩል አልፏል።»

«ሾፌር፣ እባክህ ፈጠን በል።»

«ዳገት ነው እመቤቴ፣ ተሸክሜው ልሩጥ?»

«ይሄኔ ጨርሶ ይሆናል» አሉ ሽማግሌው።

«አይጨርስም። አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ሲተክል እንኳ ሦስት ጊዜ ነው የሚፈታ።»

ከተማው መግቢያ ስንደርስ የሱቆቹ አምፖሎች በጠራራ ፀሐይ በርተው ነበር። ሴትዮዋ ተነሥታ አውቶቡሱ ሳይቆም በሩን ያዘች።

እኔ የታቀፍኋትን ልጄን ትንንሽ እጆች ሰብስቤ ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኋቸው።