የተጠማ ወይን

የሰው ወሬ መስማት አልወድም፤ ከፔታ ቲክቫ ወደ ሮሽ ሃዓይን በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ግን ጆሮ አይዘጋም። ከፊቴ አንድ የጎንደር ሽማግሌና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ዛሬ ወይን እርሻው አልሄዱም?»

«አባረሩኝ፣ ልጄ።»

«ምን አጥፍተው?»

«ውሃ አጠጥቼ።»

«ውሃ ማጠጣት ደግሞ ጥፋት ነው?»

«የእኔ ሥራ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነበር። ውሃውን ባለእርሻው ሆን ብሎ ይቀንሰዋል። አፈሩ ኖራማ ነው፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ሲወርድ ፍሬው ትንሽ፣ ወይን ጠጁም ጥሩ ይሆናል ይላል።»

«እርስዎስ?»

«በዚያ ሐሩር ቅጠሉ ሲጠወልግ አላስቻለኝም። ሰው ሳያየኝ ቧንቧውን ከፈትኩት።»

«ፍሬውስ?»

«አበጠ። ባለእርሻው ቀመሰና ‹ይሄ ውሃ ነው› አለኝ።»

«በሰደር፣ እሺ፣ ውሃ ብሎ ይሽጠዋ!»

«አትሳቂ። የዓመት ልፋቱን ነው ያበላሸሁበት። ምክንያቱን ብነግረውስ መች ይገባዋል?»

«ምኑን?»

«ወደዚህ ወደ ቅድስቲቱ አገር ስንመጣ፣ በሱዳኑ በረሃ መንገድ ወንዱ ልጄ ውሃ ውሃ እያለ በእጄ ላይ ሲያልፍ የምሰጠው አልነበረኝም።»



እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ በዚያው በሱዳን መንገድ ስጠማ ውሃ ይዘው ሳይሰጡኝ ያለፉኝን የመንደሬን ሰዎች አንድ በአንድ በልቤ ስማቸውን ጠራሁ።