ላባ ውስጥ የተቀመጠ ቁጠባ

«ኬኩ ዛሬ ጥሩ ነው አይደል፣ ኒኔት? ቀረፋው በዝቷል እንጂ ጥሩ ነው። ብቻ አንድ ነገር ይገርመኛል… በዚህ በካርኒቫል ሰሞን ስንት ኬክ ቆረስን፤ ውስጡ የሚደበቀው አሻንጉሊት ሕፃን ግን የገባበት አይታወቅም። ሕፃኑ የደረሰው ሰው ቀጣዩን ኬክ ይገዛል፤ የከተማችን ወግ ነው። ታዲያ ኬኩን ሁልጊዜ የምገዛው እኔ፣ ሕፃኑ ግን አንድም ቀን ደርሶኝ አያውቅም። ኬክ ላለመግዛት የሚውጠው ሰው ይኖር ይሆን? እንዲህ ቀጭን በሆነ ወገብ መዋለ ሕፃናት የሚሞላ ልጅ መያዝ… ተሰጥኦ ነው መቼም።»

ይህን የምትለው ሚስ ዜኖቢ ናት፤ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ፣ ከአንድ የቡርሌስክ ቤት መድረክ ጀርባ ቆማ፣ የኮራሊን ወገብ ማጥበቂያ፣ የኮርሴቷን ክር እየሳበች። በደጉ ዘመኗ እዚሁ መድረክ ላይ ልብሷን አንድ በአንድ እያወለቀች ሰው ስታስቅና ስታስጎመጅ የኖረች ናት። አሁን የሌሎቹን ልብስ ትሰፋለች፣ ትተኩሳለች፣ ታስራለች። ክንዷ ግን አላረጀም። አንዴ ስትስብ ወገብ የተርብ ያህል ይቀጥናል፤ ደግማ ስትስብ ነፍስ ጥጓን ትይዛለች።

ኮራሊ ጠረጴዛውን ጨብጣ መስታወቱ ላይ አፍጥጣለች። የቤቱ ዋና ጨፋሪ ናት፤ የመድረክ ስሟም «የወንዙ እቴጌ»። መስታወቱ ውስጥ የምታየው ግን ራሷን ሳይሆን ከኋላዋ የተቀመጠችውን የኒኔትን ጭን ነው። ጭኗ ላይ ወፍራም ፖስታ አለ።

ኒኔት እስከ ካቻምና «ድመት» ነበረች፤ ዋናዎቹ መድረክ ላይ የጣሉትን ልብስ የምትለቅመውን እንዲያ ነው የሚሏት። አምና ራሷን ችላ መጨፈር ጀመረች፤ ፖስታው ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ዓመት ግብሯ ነው። ኮራሊ ደግሞ ለትርኢቷ ሰው ገብቶ የሚታጠብበት ግዙፍ የሻምፓኝ ብርጭቆ አሠርታለች። ሠሪው ቀሪውን ክፍያ ዛሬ ካልተቀበለ ለሌላ እንደሚሸጠው ነግሯት ይኸው ጓሮ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጠዋት ኒኔትን «ባለድርሻ ትሆኛለሽ፤ እስከ ካርኒቫል ማግስት ብቻ፣ እህቴ» ብላ ለመነቻት፤ ልጅቱም ከትርኢቱ በፊት ልትሰጣት ቃል ገባች። ይህንን ሚስ ዜኖቢ ሰምታለች። እሷ የማትሰማው ነገር ቢኖር የራሷን ማንኮራፋት ብቻ ነው።

«ለነገሩ፣ ልጄ፣ ፖስታ ደስ አይልም። አንቺ አንዱን ለቤት ኪራይ፣ አንዱን ለግብር፣ አንዱን ደግሞ… ለምን ነበር ያልሽው? ለጉልበት። ‘ጉልበቴ የታመመ ቀን ደሞዝ የሚከፍለኝ አለቃ የለኝም’ ብለሽ። ምን ዓይነት ድርቅ ያለ ሐሳብ ነው? እኔ የማውቃት አንዲት ሴት አለች… ስሟን ተዪው… እንዲህ ያለ የምስኪን ሥራ አትሠራም። ገንዘቧን የምታስቀምጠው ላባ ውስጥ ነው።»

ክሩ ተሳበ። ኮራሊ ልትናገር የከፈተችው አፍ ባዶውን ተመለሰ።

«አዎ፣ የሰጎን ላባ። የሒሳብ ሰው ‘ለሥራ የገዛሽው ልብስ ከግብር ይቀነስልሻል’ አላት። እሷ መቼ ሞኝ ናትና። አንድ ላባ ትንሽ ካስቀነሰ፣ ጋሪ ሙሉ ላባ ብገዛ መንግሥት ራሱ ሊከፍለኝ ነው ብላ አሰበች። እንዲህ ያለ ጭንቅላት የገንዘብ ሚኒስትር መሆን ሲገባው እኛ መሃል ወድቆ ቀረ… አያሳዝንም? ገዛች ታዲያ። የላባ ማራገቢያዋን አንዴ ብትወዘውዘው ወንዙ ላይ ያለ መርከብ አፍንጫውን አዙሮ ወደ መጣበት ይመለሳል ይባላል። የቀሚሷን ፈርጥማ አታንሺው፤ ከክብደቱ የተነሣ ወለሉ ጎብጦ አናጺ ደግፎታል። ‘ቁጠባሽ የታለ?’ ቢሏት መልሷ ‘ለብሼዋለሁ’ ነው። የትኛው ባንክ ነው እንዲህ አምሮበት የሚሄድ?»

ኒኔት የጎረሰችውን ሳትውጥ ሳቀች። የኮራሊ ጆሮ ቀላ።

«ደግሞ ወለድ አላጣችም። ባንክ ያስቀመጠ ሳንቲም ይረባለታል፤ ላባ ውስጥ ያስቀመጠ… ብል። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የብሉን ውፍረት ብታዪ፣ ኮርሴት ያስፈልገዋል። ‘ላባ እኮ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከረማል፣ ብል በብርድ ይሞታል’ ብዬ ነበር። ማቀዝቀዣው በሻምፓኝ ተይዟል አለች። እንግዳ አክባሪ ናት። ብሉንም እንግዳ ብላ ይሆናል።»

ኮራሊ ያቺን ማራገቢያዋን አስታወሰች፤ ግማሿ እንደ ታመመች ዶሮ ተመልጣለች። «ውሸት ነው» ማለት አማራት። ግን አሽሙር ባለቤት የሌለው ልብስ ነው፤ ‘የኔ አይደለም’ ብሎ የጮኸ ሰው መጀመሪያ ይለብሰዋል። ብርጭቆው ከመጣ፣ ሕዝቡ ያን ብርጭቆ ካየ፣ ሁሉም ይከፈላል… ይህን እያሰበች መስታወቱ ውስጥ ፖስታውን አየችው።

«የግብር ወሩ ሚያዝያ ሲመጣ ነው ጥበቧ የሚታየው። ግብር ሰብሳቢ ላባ አይቀበልም፤ ወግ አያውቅም። እኛ ተራዎቹ የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን እንጥላለን። እሳቸው… ከእንግዲህስ እሳቸው ልበላቸው… የቆጡን የሚያወርዱት የሰው ብብት አስከፍተው ነው። የራሳቸው ብብትማ ምን ጊዜም ንጹሕ ነው፤ ፀጉር እንኳ አይገኝበትም።

«አሁን ደግሞ መታጠቢያ አማራቸው አሉ። የወንዝን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ የወንዙን እቴ… እ… የወንዙን ዳር ሰው ደግሞ ብርጭቆ ጠማው። ለመሆኑ፣ ልጄ፣ የባለድርሻ ድርሻው ምን እንደሆነ ጠየቅሽ? እኔ ገምቻለሁ። እሳቸው ውስጡ ይንቦጫረቃሉ፤ ባለድርሻዋ የፈሰሰውን ትወለውላለች። ልምዱ አለሽ። የወለቀ ስትለቅሚ ኖረሽ የፈሰሰ መጥረግ ምን ያቅትሻል?»

የኒኔት ጣቶች ፖስታው ላይ ቆሙ። ኮራሊ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስባ «ኒኔ…» አለች። ሚስ ዜኖቢ ጉልበቷን የኮራሊ ወገብ ላይ ተክላ ሳበች፤ የቀረው ስም ኮርሴቱ ውስጥ ቀረ።

«አትስጪ አላልኩም። እኔ ማን ነኝ? ክር ሳቢ። ስጪ። ግብር ቤት ሄደሽ ‘ገንዘቤ ብርጭቆ ውስጥ እየታጠበ ነው’ ብትያቸው፣ ከአድናቆታቸው የተነሣ ቅጣት ጨምረው ይጽፉልሻል። ጉልበትሽም ቢሆን ሰው አክባሪ ነው፤ ‘እስከ ካርኒቫል ማግስት ብቻ’ ብትዪው ሳይታመም ይጠብቅሻል… አይደል?»

ከመጋረጃው ወዲያ ከበሮው ጀመረ። ኒኔት ኬኳን አስቀመጠች። ፖስታውን ቦርሳዋ ሥር ከተተች፤ በላዩ የኩል ዕቃዋን፣ በዚያ ላይ ጫማዋን አደረገች፤ ዚፑን ዘጋችና ቦርሳው ላይ ተቀመጠችበት። ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

ኮራሊ ሁሉንም መስታወቱ ውስጥ አየች። ጓሮ በሩ ተንኳኳ። ማንም አልከፈተም።

ሚስ ዜኖቢ የመጨረሻውን ቋጠሮ አጠበቀች። ኮራሊን ወደ ራሷ አዞረቻትና ትከሻዋ ላይ የነበረውን የኬክ ስኳር በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። ኮራሊ አሁን ትንፋሽ ነበራት፤ አዳራሹ ግን ስሟን እየጠራ ነው፤ ለመልስ ጊዜ የለም። አሮጊቷ ግንባሯን ሳመቻት፤ ዓይኗ ከማር ይጣፍጣል።

«በይ ሂጂ፣ የኔ እቴጌ። መንገድሽ ይቅና። የምታወልቂው አትጪ፤ የሚያጨበጭብልሽም አትጪ። እስከ ዛሬ የራሱን ብቻ ሲያወልቅ የኖረውን ይህን የተባረከ እጅሽን… የሰው ከማውለቅ እግዜር ይጠብቅልኝ።»