ጭረት የሌላት ድስት

(ደሴ፣ ከቀትር በኋላ። ሉባባና የግድግዳ ጎረቤቷ ትርንጎ በሉባባ ማድቤት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መሀላቸው ትርንጎ ተውሳ ቆይታ ዛሬ ጠዋት የመለሰችው የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ አለ።)

ሉባባ፦ ይቺ የኔ አይደለችም አልኩሽ እኮ።

ትርንጎ፦ ያንቺው ናት፣ እትዬ ሉባባ። ነጭ ናት፣ ሆዷ ላይ አበባ አለባት፣ ቁልፏ አንድ ነው። ሌላ ምን ትሁንልሽ?

ሉባባ፦ ነጭማ ፍየልም ነጭ አለ። ጠዋት ለሙከራ አንድ ስኒ ሩዝ ጣልኩባት። የኔዋ ስትጨርስ "ቀጭ" ነበር የምትል፣ ጓሮ ሆኜ የምሰማት። ይቺ እንደ ሌባ ኮቴዋን አጥፍታ ጨረሰች። ስከፍታት ሩዙ ገንፎ ሆኗል።

ትርንጎ፦ ውሃ አብዝተሽባት ይሆናላ።

ሉባባ፦ እኔ? ሩዙን ውሃው እስኪጠራ አጥቤ፣ ጣቴን ከላዩ አቁሜ፣ እስከ አንጓዬ ሞልቼ ነው የምከድን። ጣቴ ያው የድሮው ጣቴ ነው። ድስቷ ናት የሰፋች።

ትርንጎ፦ ብረት አይደለች፣ ሙቀት አስፍቷት ይሆናል።

ሉባባ፦ ብረት በሙቀት ቢሰፋማ የኔ ብረት ድስት ይሄኔ ሆጤ ሜዳን አክሎ ነበር። ጭረቴስ የት ሄደች?

ትርንጎ፦ የምን ጭረት?

ሉባባ፦ አብረን የገዛናት ቀን በብረት ማንኪያ ቧጭሬያት፣ "እትዬ፣ ይሄ በላስቲክ ጭልፋ ነው የሚነካ፣ ደግሞ ሳይጠፋ ክዳኑን አትክፈቺ" ብለሽ አልተቆጣሽኝም? ጭረቷን እያበስኩ ነው የኖርኩ። ዓይኔ ቢደክም ጣቴ ያውቃታል። የዚችኛዋ ሆድ እንደ ሙሽራ ጉንጭ ነው።

ትርንጎ፦ አሽቼው ጠፍቶ ይሆናላ። ዕቃ ሳጥብ ታውቂኛለሽ።

ሉባባ፦ እንኪያስ በማርያም በይ።

ትርንጎ፦ ለዕቃ ማርያምን አልጠራም።

ሉባባ፦ ትናንት ከሽንኩርት ነጋዴው ጋር ስትከራከሪ ስንት ጊዜ እንደጠራሻት ግድግዳችን ይመስክር።

ትርንጎ፦ እሱ ሌላ ነው።

ሉባባ፦ ሌላ ይሁን። ሰሞኑን ድምፅሽን ሰምቼ በአጥር ስጣራ "ልብስ እያጠብኩ ነው" ትይኛለሽ። ልጅ የለሽ፣ ባልሽ መስክ ነው፣ ይሄን ሁሉ ልብስ ማን ለብሶት ነው? ስሚ፣ ትርንጌ። ነገ የይማም ሙት ዓመት ነው። ሼሁ ይመጣሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰደቃ ይቀምሳል። ጉልበቴ እሳት ዳር አልቆም ካለኝ ወዲህ በዕቃዋ ነው ሰው የማበላ። ለባሌ ዱዓ የሚያደርግለት ሰው የሚበላውን በምን እንደማበስል ማወቅ አለብኝ። የኔዋ የት ናት?

ትርንጎ፦ እኔ ቤት።

ሉባባ፦ ተበላሸች?

ትርንጎ፦ በተበላሸች በወደድኩ። ደህና ናት።

ሉባባ፦ ታዲያ ደህናዋን አስቀርተሽ አዲስ ገዝተሽ ሰጠሽኝ? ሌባ እንኳ እንዲህ አይሠራም። እናንተ "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል" ትላላችሁ። እኔ ቤት ብቅል የለም፤ በደረቁ አውጪው።

ትርንጎ፦ ወንድሜ ነው፣ አበጀ።

ሉባባ፦ ያ የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ?

ትርንጎ፦ እሱ። ባለፈው እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሆኜ መጣ። ከቅርጫ የደረሰን ሥጋ ቤት ነበር። ስመለስ ቤቱ በሥጋ ሽታ ታውዷል። "ጅቡቲ የምበላውን ሩዝ በሥጋ ሠራሁልሽ" ይለኛል፣ ደስ ብሎት። ያንቺን ድስት አንስቶ፣ የኛን ሥጋ ቆራርጦ ከሩዙ ጋር ጨምሮ፣ ቁልፏን ተጭኖ እንቅልፉን ለጥ አድርጎ ኖሯል። ዕቃዋ ደግሞ ራሷ ታበስላለች፣ ራሷ ትጠፋለች። ምን ጨመራችሁብኝ አትል።

ሉባባ፦ የናንተን ሥጋ። በኔ ድስት።

ትርንጎ፦ ጨጓራዬ ተነስቶብኝ ሩዝ ብቻ ብዪ ስባል ለምኜሽ አይደለም፣ አንቺው ነሽ ታቅፈሽ ያመጣሽልኝ። "ሥጋ ብቻ እንዳይነካት" አልሽኝ። እኔ ደግሞ "ኧረ እትዬ፣ ይሄ ለኔ ይነገራል?" ብዬ ሳቅሁብሽ። በሰርጉም በለቅሶውም የሙስሊሙን ድስት ለይቼ የማስቀምጥ እኔ ነኝ ብዬ።

ሉባባ፦ ያን ዕለት መጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ትርንጎ፦ መጥቼ ነበር። ግን ልነግርሽ አልነበረም። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ሉባባ፦ ምን ልታደርጊ ነበር?

ትርንጎ፦ ልመልስልሽ። በአመድ ፈተግኳት፣ በሎሚ አሸኋት፣ የፈላ ውሃ ደጋግሜ ደፋሁባት። ከዚያ "ማን ያውቃል?" አልኩ። ሰይጣን እኮ ሌላ ቃል የለውም፣ እሷን ብቻ ነው የሚል። ታቅፌያት ደጃፍሽ ደረስኩ። አንቺ ውስጥ ሆነሽ ለይማም ዱዓ ታደርጊያለሽ። ልገባ ስል ስሜን ሰማሁ። "ያችንም ትርንጎን ጨጓራዋን አሽርልኝ" ትያለሽ። ከነድስቴ ተመለስኩ።

ሉባባ፦ ተመልሰሽም በአዲስ ልትሸውጂኝ።

ትርንጎ፦ አፌ ካልደፈረ እጄ ይካስ ብዬ። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ባለሱቁ ባለ ብዙ ቁልፍ ያወጣልኛል፣ ሾርባም ኬክም ትሠራለች ይለኛል። "የለም፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያላት፣ ዓይኗ የደከመ ሰው በዳሰሳ የምታዝዛት፣ አበባ ያለባት" አልኩት። ሁሉን አሰብኩ፣ ጭረቷን ረሳሁ።

ሉባባ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ትርንጎ፦ ስደቢኝ፣ እትዬ። ተረት ከምትነግሪኝ ስደቢኝ። ይማም ነፍሱን ይማረውና፣ ከሰው ቤት የማይቀምሰው ሰውዬ እኔ ቤት ሲመጣ "የትርንጎ እጅ ንጹሕ ነው" ብሎ ነበር ሽሮዬን የሚበላ። እኔ እሱን ነው የዋሸሁት፣ በሙት ዓመቱ ዋዜማ።

ሉባባ፦ ልሰድብሽ ፈልጌ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።

ትርንጎ፦ ለምን?

ሉባባ፦ የኔ ሆድም ያባው ነገር አለ። በሁዳዴው ሳንባሽን ታመሽ አልጋ የያዝሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል?

ትርንጎ፦ እንዴት ይረሳኛል? በዚያችው ድስት ሩዝ እየሠራሽ ከሞት ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ።

ሉባባ፦ ቄሱ እኔ ፊት ነው "ለበሽተኛ ተፈቅዷል፣ ወተቱንም ቅቤውንም ቅመሺ" ያሉሽ። አንቺ "ብሞትም በጾሜ ልሙት" ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ።

ትርንጎ፦ ብያለሁ።

ሉባባ፦ እኔ ደግሞ አጥንትሽ ሲወጣ እያየሁ ነው። የይማም አፈር ገና አልደረቀም። አንቺንም ልቅበር? አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል አደረግኩበት። በማግስቱም እንዲያው። አልጋውን እስክትለቂ ድረስ በየቀኑ። "ጨምሪልኝ" ስትዪኝ ጊዜ ደስም ይለኝ ነበር፣ ከራሴ ጋርም እጣላ ነበር። እኔ ቤት አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ዕድሜ ልኬን አላናግረውም።

ትርንጎ፦ እትዬ...

ሉባባ፦ ቆይ፣ ልጨርስ። ወንድምሽ ሳያውቅ ነው፤ እኔ አውቄ ነው። እናንተ የነካችሁብኝ ድስቴን ነው። ድስት ይኸው ተገዛ። እኔ የነካሁብሽ ጾምሽን ነው፤ ጾም ከየት ሱቅ ተገዝቶ ይመለሳል? ጭረቴ የት ሄደች ብዬ ሳፋጥጥሽ ውስጤ "አንቺስ?" ይለኝ ነበር። አዲሷን እቀበልሻለሁ፣ ነገ የይማምን ሰደቃ በሷ አበስላለሁ፣ ውሃዋን ቀንሼ። አሮጌዋ አንቺ ዘንድ ትቅር። የድስቱ ነገር በዚህ አለቀ። የጾምሽን ነገር ግን ምን ላድርገው? በቃ ተቀየምሽኝ?

ትርንጎ፦ እትዬ ሉባባ፣ የታመመው ሳንባዬ ነበር። አፍንጫዬ ደህና ነበር።

ሉባባ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ትርንጎ፦ ቄሱ ፊት ያልኩትን ላጥፍ አፈርኩ፣ መሞቱንም ፈራሁ። ኃጢአቱን ላንቺ ጥዬ እኔ ጾመኛ መስዬ ተነሳሁ። "ጨምሪልኝ" ስልሽ ሩዙን መሰለሽ?